የሚያንጠባጥብ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ)፦ ናፍጣ ስለሆነ ልበይደው?

ጥያቄው፦ «አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ፣ ከሀዋሳ አዲስ አበባ ጭነት እሰራበታለሁ። ሰልባትዮው ከታች በማሰሪያው በኩል ማንጠባጠብ ከጀመረ ወር ሆነው፣ በሳሙና እየደፈንኩ ነው ምሄደው። ቤት ትንሽ የኤሌክትሪክ መበየጃ አለኝ፣ በር ምናምን በይጄበታለሁ። ጓደኛዬ ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይፈነዳም፣ ቀድተህ በኦሞ እጠበውና በይደው ይለኛል፣ ሌላው ደሞ ያ ሁለት ቱቦ ማጣበቂያ ይበቃዋል ይላል። በዛ ላይ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ የናፍጣ ፊልትሮ በሦስት ሳምንት ሁለቴ ቀየርኩ። ምን ላርግ?»

መበየጃውን አስቀምጠው። ምክንያቱ ስለሚረዝም መልሱ መሀል ላይ እንዳይጠፋብህ ከፊት ላርገው፣ ያ ሰልባትዮ ቤት ውስጥ አይበየድም፣ ታጥቦም ቢሆን፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሳምንት ፀሀይ ላይ ከርሞም ቢሆን። ማጣበቂያውም እንዳሰብከው አይደለም፣ እመጣበታለሁ።

ጓደኛህ ያለው ግማሹ እውነት ነው፣ ሰው ሚጨርሰውም ያ ግማሹ ነው። ናፍጣ በባልዲ አርገህ ክብሪት ብትጥልበት ብዙ ጊዜ ክብሪቱ ይጠፋል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳን ሊቀጣጠል ሚችል ትነት ይሰጣል፣ ናፍጣ ግን እዛ ለመድረስ ወደ 55 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ልዩነታቸው በቃ ይሄ ነው። ሚነደው ሁሌም ትነቱ እንጂ ፈሳሹ አይደለም፣ 55 ዲግሪ ሚያደርሰው ሙቀት ደሞ ከሰማይ መምጣት የለበትም፣ አንተው መበየጃ ይዘህለት መጥተሃል'ኮ። የኤሌክትሮዱ ጫፍ ሙቀቱ በሺዎች ነው ሚቆጠረው፣ ላሜራው ከውጭ ሲግል ከውስጥ የተለጠፈው ናፍጣ ይጨሳል፣ ጭሱ ከአየር ጋር ይደባለቃል፣ ከዛ መበየጃው ራሱ ቀዳዳውን በስቶ እሳቱን ያቀብለዋል።

«ባዶ ነው» ሚለውን ነገር እስቲ በሂሳብ እንየው። ያንተ ሰልባትዮ መቶ ሊትር አካባቢ ይይዛል እንበል። የናፍጣ ትነት አየር ውስጥ ከ1 በመቶ በታች፣ ወደ 0.6 በመቶ ሲደርስ ጀምሮ ሊፈነዳ ይችላል። መቶ ሊትር ውስጥ ያን ያህል ትነት ለማግኘት ሚያስፈልገው ናፍጣ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የሻይ ማንኪያ ነው። ያን ያህል ደሞ ታጥቦ በደረቀ ሰልባትዮ ውስጥም አይጠፋም፣ በብየዳው ስፌት ስር፣ በዝገቱ ቅርፊት ውስጥ፣ ናፍጣው እንዳይናጥ ከውስጥ በሚገባው መከፋፈያ ላሜራ ጥግ ላይ ይቀመጣል። እጅህም ኦሞህም እዛ አይደርሱም። ስለዚ ሙሉ ሰልባትዮ ሳይሆን ባዶው ነው ሚያስፈራው፣ ሙሉው ውስጥ አየር የለማ።

ረዳት ሆኜ በምሰራበት ዘመን አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁትን ልንገርህ። የጭነት መኪና ሰልባትዮ ነው፣ ከሁለት ቀን በፊት ታጥቦ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ እኛ ቁርስ ስንበላ እንደ ወንበር ስንቀመጥበት የነበረ። በያጁ ጀማሪ አልነበረም። አንድ ኤሌክትሮድ ግማሽ ሳይደርስ ድው አለ፣ የሰልባትዮው ጎን እንደ ሳርዲን ቆርቆሮ ተገልብጦ ጣሪያውን መታው፣ ጣሪያው ላይ የቀረው ጉድጓድ እኔ እስክለቅ ድረስ አልተደፈነም ነበር። በያጁ ጎንበስ ሳይል ወደ ጎን ሆኖ ይበይድ ስለነበር ብቻ ነው በእጁ ቃጠሎ የተረፈው። ጆሮው ግን ከዛ በኋላ እንደድሮው አልሆነም።

ሌላ ደሞ አለ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ሰልባትዮህ ውስጥ ያለው ንፁህ ናፍጣ ነው ብለህ ምን ያህል ትምላለህ? ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዝተህ አታውቅም? ያ ጀሪካን ትናንት ቤንዚን ይዞ ከነበረ፣ ወይ ሻጩ ሆን ብሎ ቀላቅሎ ከሆነ፣ ትንሽ ቤንዚን የገባበት ናፍጣ በትነት በኩል ከናፍጣ ይልቅ ወደ ቤንዚን ነው ሚጠጋው። 55 ዲግሪ ያልኩህ ያኔ ይረሳል።

ከዚህ በኋላ የሚመጡትን ዘዴዎች ሁሉ ሰምቻቸዋለሁ። «በኦክስጅን ንፋው» ሚሉ አሉ፣ ኦክስጅን ትነቱን ያወጣል ብለው፣ ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው። ኦክስጅን ዘይት ነገር ሲያገኝ ያለ ክብሪትም ሊነሳ ይችላል፣ ያለውንም እሳት ያባብሰዋል፣ ሰልባትዮ ውስጥ እንዳታስገባው። የኮምፕሬሰር አየርም ትነቱን ቀንሶ አዲስ አየር ሚሰጥ ነው፣ ደህና ሚባል ነገር አይደለም። «የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ጭስ አስገባበት» ሚሉት ደሞ ነገሩ መሰረት አለው፣ ጭስ ኦክስጅን ከሌለው እሳት አይነሳም፣ ግን የናፍጣ ሞተር በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሰራ፣ ከሚስበው አየር ትንሹን ነው ሚጠቀመው፣ ከማርሚታው ሚወጣው ጭስ ከ15 በመቶ በላይ ኦክስጅን ይኖረዋል። ለሰው መተንፈሻ አይሆንም፣ ለእሳት ግን ይበቃል። ውሃ መሙላቱ ከነዚህ ሁሉ ይሻላል፣ ባለሙያዎችም ይሰሩበታል፣ ግን እነሱ መጀመሪያ ጌጁን (የነዳጅ መለኪያውን)፣ መሳቢያ ቱቦውን፣ ታፖውን (የስር መድፈኛውን) ሁሉ አውልቀው በእንፋሎት ወይ በሚያፈላ ውሃና በኬሚካል ያጥቡታል፣ በጋዝ መለኪያ ያዩታል፣ ከዛ ሚበየደው ቦታ ወደላይ ሆኖ ውሃው እስከሱ ድረስ ይሞላል፣ የቀረችው ትንሽ ክፍተት መተንፈሻ ይኖራታል። ወይ በናይትሮጅን ወይ በካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩን ያባርራሉ። አንተ ዘንድ ካለው ኦሞና ጎማ ቱቦ ጋር አይገናኝም። መኪናው ላይ እንደታሰረ መበየድንማ ጨርሶ አታንሳው።

እሺ፣ አሁን ወደ መኪናህ። ከታች ስለሚንጠባጠብ ቀዳዳው ከታች ነው ማለት አይደለም። በጣም ብዙ ጊዜ ከላይ ነው ሚመጣው፣ ከሞተር ሚመለሰው የናፍጣ ጎማ ቱቦ ተሰነጣጥቆ ወይ ፋሼታው (የቱቦው ማጥበቂያ ቀለበት) ላልቶ፣ ወይ የጌጁ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ደርቆ፣ ናፍጣው በጎን ወርዶ ማሰሪያው ጋ ይጠራቀምና እዛ ይንጠባጠባል። ሞልተህ ስትወጣ ሚብስ፣ ግማሽ ሲሆን ሚተው ከሆነ ከላይ ነው ብለህ ጠርጥር። በላርጎና በሙቅ ውሃ ጥርግ አርገህ እጠበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ከዛ የህፃን ፓውደር በጎኑና በስሩ ነስንስበት፣ ዱቄትም ይሆናል። ሞተሩን አስነስተህ ግማሽ ሰአት ጠብቅ። ነጩ ዱቄት ላይ እርጥበቱ ከየት ጀምሮ እንደሚወርድ መስመሩን ታየዋለህ፣ ከላይ የጀመረ መስመር ካየህ በሁለት ፋሼታና በአንድ ሜትር የናፍጣ ጎማ ተገላገልክ፣ ይሄን ፅሁፍ መጨረስም አይጠበቅብህም።

ግን አንተ የጨመርከው የፊልትሮው ጉዳይ ስላለ እኔ ከታች ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ሁለቱ አንድ በሽታ ናቸው። ሰልባትዮ ሚበሳው በሁለት በኩል ነው። ከውጭ ማሰሪያው ስር የነበረው ጎማ ያልቅና ብረት በብረት ይፋተጋል፣ እዛ ጭቃና ውሃ ይያዛል፣ ይበላዋል። ከውስጥ ደሞ ውሃ አለ። ማታ ግማሽ ሰልባትዮ ይዘህ ስታቆም ቀሪው ግማሽ አየር ነው፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ላብ ሆኖ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ስር ይቀመጣል። ከጀሪካን የመጣውም እዛው ነው ሚጨመረው። ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታልና በጨርቅ የተወተፈ አይሱዙ ስንት አይቻለሁ መሰለህ፣ ክረምቱን ሙሉ በዛ ነው ሚገባው። ውሃው ስር ሆኖ ብረቱን ይበላል፣ ናፍጣና ውሃው ሚገናኙበት ላይ ደሞ ረቂቅ ነፍሳት ይራቡና ጥቁር አጥሚት የመሰለ ነገር ይሰራሉ። ፊልትሮህን ሚደፍነው ያ ጥቁር ነገርና የዝገት ቅርፊት ነው። ፊልትሮውን ስትቀይር ወደ ብርሀን አውጥተህ በንፁህ ሳህን ላይ አፍስሰው፣ ቡናማ ደቃቅና ጥቁር ቅባት ካየህ ጨርሰናል።

ዳገት ላይ ጉልበት ማጣቱን ግን አንድ ነገር ፈትሽልኝ፣ ሲያቅተው ዳር ይዘህ ክዳኑን ክፈት፣ ፊሽ ብሎ አየር ከሳበና ከዛ በኋላ ጉልበቱ ከተመለሰ መተንፈሻው ተደፍኗል ማለት ነው፣ ፖምፓው ሰልባትዮውን እየመጠጠው ነው። ካልሆነ ከስር ያለው መሳቢያ ቱቦ ወንፊት ነው የታፈነው። ፊልትሮ መቀያየር ሁለቱንም አይፈታም፣ ያ ቆሻሻ ሲያመልጥ ደሞ ፖምፓና ኖዝል (ናፍጣ ረጪው) ጋ ነው ሚሄደው፣ የፖምፓ ጥገና ዋጋ ደሞ አንተው ታውቀዋለህ።

ሳሙናው ለምን እንደሚሰራ ላስረዳህ፣ ናፍጣ ሳሙና አያሟሟም፣ ውሃ ግን ያሟሟዋል። ስለዚ መንገድ ላይ ተቸግረህ ደረቅ ሳሙና አሽተህ ጋራዥ እስክትደርስ ብትሄድ ምንም ክፉ የለውም፣ እኔም አርጌዋለሁ። ወር ሙሉ ግን አይደለም፣ አንድ ዝናብ ሲመታው ታጥቦ ይወርዳል። የሚንጠባጠበው ናፍጣ የጋለ ማርሚታ ላይ ካረፈ ያለ ብልጭታ ሊነሳ ይችላል፣ በጣም የጋለ ብረት ይበቃዋል። ከኋላህ ያለ ባጃጅና ሞተር ደሞ አስፋልት ላይ ባፈሰስከው ናፍጣ ይንሸራተታል፣ እሱን አንተ አታየውም። በቡሎንና በካላማዳሪያ ቁራጭ መወተፍም አንድ ቀን ያሻግራል፣ ግን የሳሳ ላሜራ ላይ ቡሎን ባጠበቅክ ቁጥር ቀዳዳው ነው ሚሰፋው።

ማጣበቂያው ሚሰራበት ሁኔታ አለ፣ ጠባብ ነው። ቀዳዳው ከእስክሪብቶ ጫፍ ካልበለጠ፣ ላሜራውም ዙሪያው ጤነኛ ከሆነ። ጤነኛ መሆኑን ምታውቀው ሰልባትዮው ወርዶ ባዶ ከሆነ በኋላ በካቻቢቴ ጫፍ ዙሪያውን ጫን ጫን በማረግ ነው። ከገባ ወይ ከተሰረጎደ በቃ አልቋል፣ ማጣበቂያ ዝገት ላይ አይለጠፍም፣ ለሦስት ሳምንት ራስህን ማታለል ነው ሚሆነው። አይ ጠንካራ ነው ካልክ ግን እንደዚ ነው ሚሰራው። መጀመሪያ ወር ሙሉ ያሸኸውን ሳሙና አስወግድ፣ ብዙ ሰው ማጣበቂያው አልያዘም ሚለው ስር የቀረ ሳሙናና ናፍጣ ስላለ ነው። በሙቅ ውሃ ፈግፍገው፣ አድርቀው፣ በቲነር በነከረ ንፁህ ጨርቅ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጥረገው። ቀለሙንና ዝገቱን በእጅህ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አውርድ፣ ግራይንደር አታስነሳ፣ ብልጭታ ነው'ኮ። ከቀዳዳው ሦስት አራት ሴንቲ ዙሪያውን ብረቱ አንፀባርቆ እስኪሻክር ድረስ። ሰልባትዮውን አዙረህ ቀዳዳው ወደላይ ይሁን፣ ናፍጣ ስር ስር እየወጣ ምንም አይጣበቅም። የብረት ዱቄት ያለውን ኤፖክሲ (ያንኑ ሁለት ቱቦ ማጣበቂያ)፣ ናፍጣ ይችላል ሚል ማሸጊያው ላይ የተፃፈበትን፣ እኩል እኩል አርገህ አንድ አይነት ቀለም እስኪሆን አሽተህ ቀዳዳው ውስጥ ተጭነህ አስገባው፣ ከላይ የፋይበር ጨርቅ ቁራጭ አርገህ ሌላ ደርብ። ከዛ 24 ሰአት አትንካው፣ ሌሊት ቅዝቃዜ ባለበት አገር ከዛም በላይ። ስትፈትነው አምስት ስድስት ሊትር ናፍጣ አርገህ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው እደር፣ በኮምፕሬሰር አትንፋው፣ ሰልባትዮ ግፊት ለመያዝ የተሰራ እቃ አይደለም።

ሲሊኮን አትጠቀም፣ ናፍጣ ሲነካው አብጦ ይላቀቃል። የጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭም ለጥፍ ሚሉህ ይኖራሉ፣ ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ ከናፍጣ ጋር ሲቆይ ሙጫ መሳይ ነገር ይሰራል፣ ኖዝል ላይ ነው ሚጋገረው፣ የነሀስና የመዳብ ነገርም እንደዛው ናፍጣውን ያበላሸዋል። ሌላ ፕላስቲክ ሰልባትዮ ያለው ፒካፕ ይዘህ ከመጣህ ደሞ ኤፖክሲው ጨርሶ አይይዝልህም፣ ያን ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይወደውም።

ማውረዱን ግን ራስህ ልትሰራው ትችላለህ፣ እዛ ላይ ገንዘብህን አትርፍ። ናፍጣውን በታፖው ወይ በእጅ ፓምፕ ቅዳው፣ በአፍህ አትሳብ። ይሄን ስል ሁሉም ይስቃል፣ ሁላችንም አርገነዋላ፣ ግን ናፍጣ በትንታ ሳንባ ከገባ ሆስፒታል ሚያስተኛ ነገር ነው፣ የሆድ ጉዳይ አይደለም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። መቶ ሊትር ናፍጣ ከ80 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ግማሹን ይዞ ማሰሪያውን ከፈታህ እግርህ ላይ ነው ሚወርደው፣ ከስር ክሪክና ሳንቃ አርግለት። መብራት ከፈለግክ የእጅ ባትሪ እንጂ አምፖል በሽቦ ጎትተህ አትግባ። የቀዳኸውን ናፍጣ በንፁህ ጀሪካን አንድ ቀን አሳድረው፣ ውሃውና ቆሻሻው ስር ይወርዳል፣ ከላይ ያለውን ብቻ መልሰህ ተጠቀም። ስር የቀረውን ደጅ አትድፋ።

አሁን ቁርጡን ልንገርህ። እኔ ያንተ መኪና የኔ ቢሆን አልደፍነውም፣ አስቀይረዋለሁ። ወር ሙሉ ያንጠባጠበና በሦስት ሳምንት ሁለት ፊልትሮ የበላ ሰልባትዮ ከውስጥ አልቋል፣ አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን ከጎኑ ያለው ተራ ይጠብቃል። ደህና ያገለገለ ሰልባትዮ አሮጌ መለዋወጫ ከሚሸጡ ቤቶች ፈልግ፣ ስትገዛ ቀለሙን አትይ፣ አዲስ ጥቁር ቀለም ከተቀባ እንደውም ተጠራጠር። በጣትህ አንኳኳ፣ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የተበላው ቦታ ዱብ ነው ሚለው። ጌጁን አስከፍተህ በእጅ ባትሪ ስሩን እይ፣ ቡናማ ቅርፊት ካለ ተወው። የተበየደ ቦታ ማግኔት አስጠጋበት፣ ካልሳበ ከስር ስቱኮ (የቦዲ መሙያ) ነው። አዲሱን ከመስቀልህ በፊት ጎማ ቱቦዎቹን፣ ክዳኑን፣ መሳቢያ ወንፊቱን አብረህ ጨርስ፣ ፊልትሮውንም የመጨረሻ ጊዜ ቀይር።

የድሮውን ማስቀየር አቅሜ አይፈቅድም ካልክ ሁለተኛው ምርጫ ሰልባትዮ በእንፋሎት አጥቦ፣ የታችኛውን ላሜራ ቆርጦ አዲስ ሚያስገባ ቤት መውሰድ ነው፣ ሲቀበልህ «እንዴት ነው ምታጥቡት፣ ስትበይዱ ውስጡ ምን ይሞላል» ብለህ ጠይቅ፣ «አይ ናፍጣ'ኮ ነው» ካለህ ሰልባትዮህን ይዘህ ተመለስ። ኤፖክሲው ሦስተኛ ነው፣ እሱም ቅድም ባልኩት ጠባብ ሁኔታ ብቻ፣ እሱንም ካረግክ ጠዋት ጠዋት ስሩን እያየህ።

ስትገጥመው አየር ስለሚገባ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ጠንከር እስኪል ምታ፣ የድሮው አይነት ፖምፓ ከሆነ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ላላ አርገህ አረፋው ጠፍቶ ንፁህ ናፍጣ ሲመጣ አጥብቅ። አዲሱ ኮመን ሬል ሚባለው ከሆነ ግን ሞተር እየሰራ ወደ ኖዝል ሚሄደውን ቱቦ እንዳትፈታ፣ ግፊቱ ከ1,600 ባር በላይ ሊሆን ይችላል፣ እንደ መርፌ ቆዳ በስቶ ይገባል። ማሰሪያው ስር ደሞ ወፍራም ጎማ አርግ፣ ጨርቅ ወይ ካርቶን አይደለም፣ ጨርቅ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ከሳምንት በኋላ ጭነት ይዘህ አንዴ ከተመላለስክ ታፖውን ትንሽ ላላ አርገህ በጠርሙስ ናፍጣ ተቀበልና ብርሀን ላይ ያዘው፣ ስሩ ላይ ውሃ ከሌለ በወር አንዴ እሱን ማየት ይበቃሃል።